መኪና በማይገባበት የፈረንሳይ ገጠር፦ የትኛውን የብስክሌት መንገድ ልምረጥ?

ፈረንሳይን በብስክሌት ልይ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም የሎዋር ወንዝ ነው። ቀጥሎ በደቡብ ያለውን ካናል ዱ ሚዲን ይሰማል። ሁለቱም ውብ ናቸው፣ ዝናቸውም ይገባቸዋል። ነገር ግን የምትፈልጉት ከመኪና ጋር ሳትጋፉ፣ ልጅ አስከትላችሁ፣ በጥንታዊ መንደሮች መካከል በሰላም መንዳት ከሆነ እኔ ሁለቱንም አላስቀድምም። ከእነሱ ይልቅ ብዙ የማይወራላቸው አራት መንገዶች አሉ። ስድስቱንም ጎን ለጎን እናያቸዋለን።

ከስም በፊት የሚጠየቁ ሦስት ነገሮች

በፈረንሳይ የብስክሌት ካርታ ላይ ሁለት ዓይነት መስመር ይገኛል። አንደኛው ቮዋ ቬርት ይባላል። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ እንዳይገባበት የተከለለ ነው። እግረኛ፣ ብስክሌት፣ ዊልቸር፣ አንዳንድ ቦታ ፈረስም ይጋሩታል። አብዛኛው የተሠራው ባቡር መሄድ ባቆመበት የሐዲድ መስመር ላይ ነው፤ ወይም በቦይ ዳር፣ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው መንገድ ላይ። ሁለተኛው ቬሎሩት ነው። ይሄ ምልክት የተተከለለት ረጅም መስመር ነው። ከፊሉ ቮዋ ቬርት ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ግን መኪናና ትራክተር የሚያልፍበት የገጠር መንገድ ነው። ብሮሹር ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘው ይቀርባሉ። ስለዚህ ካርታውን ክፈቱና ከጠቅላላው ርቀት ስንቱ በእውነት ለመኪና ዝግ እንደሆነ ቁጠሩ።

ቀጥሎ የመንገዱን ገጽ ጠይቁ። አስፋልት ነው፣ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው ወይስ ኮረኮንች? ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት አስፋልት ላይ ይበራል፤ የዛፍ ሥር በበዛበት አፈር ላይ ግን ያሰቃያል። ሻንጣ የጫነ ብስክሌት ደግሞ ንዝረቱን እጥፍ አድርጎ ያሰማችኋል።

ሦስተኛው ባቡር ነው። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳዋል። ዝናብ ሲበዛ፣ ልጅ ሲደክም፣ ጎማ ተበስቶ መጠገኛ ሲጠፋ በቅርብ ጣቢያ መኖሩ ጉዞውን ያድነዋል። እኔ መንገድ ሳወዳድር ከግንቦቹ ብዛት በፊት የማየው የጣቢያዎቹን ርቀት ነው።

ቡርጎኝ፣ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ

የፈረንሳይ የመጀመሪያው ቮዋ ቬርት የተከፈተው እዚህ፣ በደቡብ ቡርጎኝ፣ በ1997 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ርዝመቱ 44 ኪሎ ሜትር ነው። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይችል ሐዲዱ ሲዘረጋ ኮረብታውን እየዞረ ወይም እየሰነጠቀ ነው የሄደው። ስለዚህ ዙሪያው ሁሉ ኮረብታ ሆኖ ሳለ መንገዱ ሜዳ ማለት ይቻላል። አስፋልት ስለሆነም ማንኛውም ብስክሌት ይሄድበታል።

መንገዱ በወይን እርሻዎች ጥግ ጥግ ያልፋል። ዢቭሪና ቡሲ በወይን ጠጃቸው የታወቁ ናቸው። ኮርማታን ስትደርሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ አለ፤ በወርቅ ቅብ ያጌጡት ክፍሎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ከዚያ ወረድ ብሎ ቴዜ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1940 ወንድም ሮዤ እዚህ የጀመሩት ማኅበር ዛሬ ከብዙ አገር ወጣቶችን ለጸሎት ይሰበስባል። ጸሎቱ ለማንም ክፍት ነው፤ ብስክሌታችሁን አቁማችሁ መግባት ትችላላችሁ።

ክሉኒ ግን ግማሽ ቀን ይገባታል። ገዳሙ የተመሠረተው በ910 ነው። በ1088 የተጀመረው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን 187 ሜትር ርዝመት ነበረው። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና የሚስተካከለው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ፈረሰ፤ ድንጋዩም ለግንባታ ተሸጠ። ዛሬ የቆመው የአንድ ጎኑ ቁራጭ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሥሩ ቆሞ ቀና ላለ ሰው አንገት ያሳምማል።

ከክሉኒ ወደ ደቡብ ወደ ማኮን ለመቀጠል የቧ ክሌር ዋሻ አለ፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውስጡ በሙቀት ወራትም ይበርዳል፣ ስለዚህ ሹራብ በእጅ ይሁን። በብርድ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፣ ያኔ ተራራውን በላይ መሻገር ግድ ነው። የዚህ መንገድ ጉድለት አጭርነቱና ክሉኒ ባቡር የሌላት መሆኑ ነው። ጣቢያ ያለው ከሁለቱ ጫፎች ባሻገር፣ ከዢቭሪ ወዲያ ሻሎን፣ ከክሉኒ ወዲያ ማኮን ላይ ነው። ጊዜ ያለው ሰው በሶን ወንዝ በኩል፣ በጥንታዊቷ ቱርኑ አልፎ፣ ዞሮ መመለስ ይችላል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን፣ ለጀማሪ፣ ልጅ ለያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የጋሮን ቦይ፣ ከቦርዶ እስከ ቱሉዝ

አንድ ሳምንት ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የምልከው ወደዚህ ነው።

ቦዩ ራሱ 193 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቱሉዝ ተነስቶ ካስቴ-አን-ዶርት ላይ ከጋሮን ወንዝ ይገናኛል። በ1856 ተጠናቀቀ። ዳሩን ይዞ የሚሄደው መንገድ አስፋልት ነው፣ ለመኪናም ዝግ ነው። ሜዳ ነው። ከፍ የምትሉት ጀልባን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሻግሩት የውሃ በሮች ያሉበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እነሱም ጥቂት ሜትሮች ናቸው። በብዙ ቦታ ከግራና ከቀኝ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደቡብ ፈረንሳይ እሳት ነውና ያ ጥላ ትልቅ ነገር ነው።

ከቦርዶ መነሳቱን እመርጣለሁ። ከከተማው ወጥታችሁ የሮዤ ላፔቢን መንገድ ትይዛላችሁ። ላፔቢ በ1937 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ የአካባቢው ሰው ነው፣ መንገዱም በስሙ ተሰየመ። እሱም የድሮ ሐዲድ ነው፤ በክሬዮን በኩል አድርጎ ሶቭቴር-ደ-ጊየን ያደርሳል። ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ የላ ሶቭ-ማዦር ገዳም ፍርስራሽ አለ። ጣሪያው የለም፤ የተቀረጹት የዓምድ ጫፎች ግን አሁንም ሰማይ ሥር ቆመው ይታያሉ። ከሶቭቴር እስከ ቦዩ ድረስ ያለው ክፍል መኪና ያለበት የገጠር መንገድ ነው፣ ዳገት ቁልቁለትም አለው። አስቀድማችሁ እወቁት፤ ልጅ ካለ ጠዋት በጊዜ መሻገር ይሻላል። ከዚያ በኋላ እስከ ቱሉዝ ድረስ ሐሳብ የለም።

መሀል ላይ አዣን አለች። ቦዩ እዚያ ጋር በድልድይ ላይ ሆኖ ጋሮንን ይሻገራል። ድልድዩ 539 ሜትር ርዝመትና 23 ቅስት አለው። ጀልባ ከወንዝ በላይ ሲንሳፈፍ አጠገቡ ብስክሌት መንዳት ብርቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሟሳክ አለች። የሟሳክ ገዳም ቅጥር ግቢ በ1100 የተሠራ ነው። ዙሪያውን 76 የተቀረጹ የዓምድ ጫፎች አሉት፤ ብዙዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይናገራሉ። በራፉ ላይ የተቀረጸው የዮሐንስ ራእይ ነው፦ ክርስቶስ በዙፋን፣ አራቱ እንስሳ፣ ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል መካከል ያደገ ሐበሻ ማንም ሳያስረዳው ያነበዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር መስመር ሲዘረጋ የመነኮሳቱን የምግብ አዳራሽ አፍርሶ ነው ያለፈው። ቅጥሩ ለጥቂት ተረፈ። ዛሬ በዚያው ሐዲድ የሚሄደው ባቡር ነው ለብስክሌተኛው የሚደርስለት። ከላ ሬዮል እስከ ቱሉዝ ድረስ ማርማንድ፣ ቶናንስ፣ አዣን፣ ሟሳክ፣ ሞንቶባን ሁሉም ጣቢያ አላቸው። የደከመው ሰው ተሳፍሮ ቀድሞ ይጠብቃል።

ጉድለት አለው? አለው። ቦይ ቀጥ ያለ ነገር ነው። ለረጅም ሰዓት ውሃ፣ ዛፍ፣ ውሃ፣ ዛፍ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ይሰለቸዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ ከቦዩ አንዴ ወጥቶ አንድ መንደር ማየት ነው።

ካናል ዱ ሚዲ

የጋሮን ቦይ ታላቅ ወንድም ነው። ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን ዳር 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፒየር-ፖል ሪኬ የሚባል የጨው ግብር ሰብሳቢ ከ1666 እስከ 1681 አስቆፈረው። ትልቁ ችግር ውሃን ወደ ከፍታው ቦታ ማድረስ ነበር። ሪኬ ከጥቁር ተራራ የሚወርዱትን ምንጮች ሰብስቦ ከባሕር ጠለል በላይ 189 ሜትር ላይ ወዳለው ኖሩዝ አመጣቸው። ውሃው ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ወደ አትላንቲክና ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። ሰውየው ሀብቱን ሁሉ አፍስሶበት፣ ቦዩ ከመከፈቱ ጥቂት ወራት በፊት በ1680 ሞተ። ዩኔስኮ በ1996 መዘገበው።

ታዲያ ለምን አላስቀደምኩትም? በመንገዱ ገጽ ምክንያት። ከቱሉዝ ወጥቶ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንቅ አስፋልት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙው ክፍል አፈርና ጠጠር ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ይጠብባል፣ የዛፍ ሥር ይበዛዋል፣ ሲዘንብ ይጨቀያል። ሌላም ሐዘን አለ። ዳሩን የከበቡት 42,000 የሚሆኑ የፕላታን ዛፎች በ2006 በታወቀ የፈንገስ በሽታ እየሞቱ ነው። የታመሙት እየተቆረጡ በሌላ ዛፍ ይተካሉ። ስለዚህ ፎቶ ላይ ያያችሁት ጥላ በብዙ ቦታ የለም፤ አዲሶቹ ዛፎች ገና ናቸው። ነፋሱም ኃይለኛ ነው።

ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌትና ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ይሂድ። ካርካሶን በግንብ የታጠረች ከተማ ናት፤ ከሩቅ ስትታይ ልብ ትሰርቃለች። ቤዚዬ ላይ ደግሞ እንደ ደረጃ የተደረደሩት የፎንስራን የውሃ በሮች አሉ። ጀልባ ሲወርድባቸው ቆሞ ማየት ምሳ ያስረሳል።

ሎዋር

900 ኪሎ ሜትር ነው፤ በምልክቱ፣ በማደሪያው፣ በአገልግሎቱ የሚወዳደረው የለም። ታሪክ ከፈለጋችሁም እዚህ ይበዛል። ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ያስጀመረው የሻምቦር ግንብ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በዚያው ዓመት ያረፈባት አምቧዝ፣ የቪላንድሪ የአትክልት ቦታ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ የአንበሳ ልቡ ሪቻርድ ሐውልተ መቃብር ያለበት የፎንትቭሮ ገዳም፣ ሁሉም በዚህ መስመር ናቸው።

ግን ቬሎሩት ነው። ብዙ ቦታ ከመኪና ጋር ትጋራላችሁ። መንገዶቹ ጸጥ ያሉ ናቸው፣ አሽከርካሪዎቹም ብስክሌት ለምደዋል፤ ያም ሆኖ ከልጅ ጋር ሲሆን ዓይን ከመንገዱ አይነሳም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ግንቦቹ ጋር ሰልፍ አለ። ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ብዙው ሰው ወደ ባሕር ሲወርድ እናንተ ከአንዤ ወደ ኦርሌአን ብትወጡ ጀርባችሁን ይገፋችኋል። ወንዙ ዳር ስለሆነ ዳገቱ አይሰማም።

ከናንት እስከ ብሬስት

ብቸኝነትና ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ነው። ብሪታኒን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ቦይ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የብሬስትን ወደብ ሲዘጋ፣ ናፖሊዮን በውስጥ በኩል ዕቃ ማድረሻ ፈለገ። ቁፋሮው በ1811 ተጀምሮ በ1842 አለቀ። ግሎሜል ላይ ያለውን ጥልቅ ቦታ የቆፈሩት ከብሬስት የመጡ እስረኞች ናቸው። ዛሬ ጫካ ውጦት ያለቀ ይመስላል፤ በዚያ ስታልፉ ግን የሰው ልጅ በአካፋ እንደቆፈረው አስታውሱ።

ዦስላን ላይ የሮአን ቤተሰብ ግንብ ሦስት ማማዎቹን ውሃው ላይ ጥሎ ቆሟል። ማሌትሯ በሥዕል የተቀረጹ የእንጨት ቤቶች ያሏት ውብ ከተማ ናት። ወደ ምዕራብ ስትገፉ በ1184 የተመሠረተው የቦን-ረፖ ገዳም ይገኛል። እዚያ አካባቢ በ1930 የተጠናቀቀው የጌርሌዳን ግድብ ቦዩን ቆርጦታል፤ የውሃ በሮቹም ሐይቁ ሥር ቀርተዋል። በዚህ ክፍል ላይ ትንሽ ዳገት አለ።

መንገዱ የተጠቀጠቀ ጠጠር ስለሆነ መካከለኛ ጎማ ይበቃዋል። ችግሩ ባቡር ነው። ረዶንን ካለፋችሁ በኋላ ጣቢያ ብርቅ ነው። ሱቅም እንዲሁ። ምግብና ውሃ ሳይዝ፣ የውስጥ ጎማና መንፊያ ሳይዝ የሚሄድ ሰው እዚህ ይቸገራል። ዝናብ ደግሞ በየትኛውም ወር ይመጣል።

አርደን፣ ከሻርልቪል እስከ ዢቬ

የመዝ ወንዝ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ቤልጂግ ድንበር ይወርዳል። ዳሩን ይዞ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ለመኪና የተዘጋ፣ ለስላሳ አስፋልት አለ። ሞንቴርሜ፣ ረቫን፣ ፊዩሜ የሚባሉ የብረትና የድንጋይ ሠራተኛ ከተሞች በየጥምዝምዙ ላይ ተቀምጠዋል። ዢቬ ላይ የሻርልሞን ምሽግ ከላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የዚህ መንገድ ትልቁ በጎ ነገር ባቡሩ ነው። ከሻርልቪል ዢቬ የሚሄደው የክልል ባቡር ያንኑ ሸለቆ ይከተላል። ነድታችሁ ሂዱ፣ ተሳፍራችሁ ተመለሱ።

ለኛ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። በ1880ዎቹ ሐረር ኖሮ በቡና ንግድ የሠራው፣ ለንጉሥ ምኒልክም ጠመንጃ የሸጠው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1854 የተወለደው ሻርልቪል ነው። የተቀበረውም እዚያው ነው። ሐረር በስሙ የሚጠራውን ቤት ያየ ሰው፣ በመዝ ወንዝ ላይ በቆመው አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለውን ሙዚየሙን ሳያይ መመለስ የለበትም። በ1606 የተቆረቆረው ባለ ቅስቱ አደባባይም ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ሰፊ ጊዜ ካለ መንገዱን ከሰዳን ጀምሩት፤ እዚያ ያለው ምሽግ በአውሮፓ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

ወይን እርሻ የለም፣ ፀሐይዋም ቆጣቢ ናት። ከብራስልስ፣ ከኮሎኝ ወይም ከፍራንክፈርት ለሚመጣ ሐበሻ ግን ቅርቡ ይሄ ነው።

ሳትነሱ በፊት

የሚመቸው ጊዜ ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ነው። በነሐሴ ለሚሄድና ፍልሰታን ለሚጾም ሰው የገጠር ፈረንሳይ ምግብ ቤት ይከብዳል፤ ቅቤና አይብ የሌለበት ሰሃን ብዙ አይገኝም። ዳቦ ቤት ግን ያድናል። «ባጌት ደ ትራዲሲዮን» በ1993 ደንብ መሠረት በመሠረቱ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ክሯሳን ውስጥ ግን ቅቤ አለ። ቲማቲም፣ ፍራፍሬና የወይራ ፍሬ ከገበያ ግዙ። የመንደር ሱቆች እኩለ ቀን ላይ፣ እሁድ ከሰዓትና ብዙዎቹ ሰኞ ይዘጋሉ፤ ቅዳሜ መሸመት ልማድ ይሁን። ውሃ ሲያልቅ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ቧንቧ አለው። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት አይጠጣም።

ሕጉ አጭር ነው። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ማድረግ አለበት። የጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው። ከከተማ ውጭ ሲመሽ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ግዴታ ነው።

ለማደሪያ «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ። ከመስመሩ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይገኛል፣ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ አለው። የክልል ባቡሮች ብስክሌት በብዛት በነፃ ይወስዳሉ፤ በሙቀት ወራት አንዳንድ መስመሮች ቦታ መያዝን ይጠይቃሉ። ፈጣኑ ቲጂቪ ግን ሌላ ነው። ቦታው ጥቂት ነው፣ ይከፈልበታል፣ ቶሎ ይሞላል። ካልተገኘ ብስክሌቱን ፈታታችሁ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦርሳ መያዝ ትችላላችሁ። ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ ለምትመጡ መከራየቱ ይቀላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ብስክሌቱን ሌላ ከተማ ላይ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የማይቻል ከሆነ ሻርልቪል ተከራዩ፤ ባቡሩ ወደ ተነሳችሁበት ይመልሳችኋል።